አሮጌ ቀሚስና አዲስ ወገብ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ ኑሩ ያስያዙኝ መርፌም መቀስም አልነበረም፤ መጋረጃ ነበር። ከአቡጀዲው ጣቃ ረዘም አድርገው ቀደዱና «ይህን ዘምዝሚና ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ ስቀዪው። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ያንቺ ነው፤ እኔ አላልፍም» አሉኝ።

«ምን ልሠራበት ጋሼ?»

«ሴቶቹን ትለኪበታለሽ። እኔ እንደሆን ደክሞኛል።»

ያደከማቸውን ልንገራችሁ። ጋሼ ኑሩ መቱ ገበያ ዳር የነበረው የልብስ ስፌት ቤት ባለቤትና ቆራጭ ነበሩ። አባታቸው ከጅማ በበቅሎ ጨርቅ እየጫኑ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ልጅየው ግን ከጨርቁ ይልቅ መቀሱን ወደዱ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መቱ ውስጥ የመጀመሪያውን የፔዳል ስፌት መኪና ያስገባሁ እኔ ነኝ ይሉ ነበር። ይህንኑ የሚሉ ሌሎች ሰዎችም አውቃለሁ፤ እኔ ግን የማምነው እሳቸውን ነው፣ እንጀራዬ ነበሩና።

የወንድ ልብስ ሲሆን ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ደረት፣ ትከሻ፣ ወገብ እያሉ ይለካሉ። ሴት ስትመጣ ሜትሩ ከአንገታቸው አይወርድም። «የሰው ሚስት ወገብ ላይ ሜትር ላዞር? አስተግፊሩላህ!» ይላሉ። ስለዚህ የመቱ ሴት ቀሚስ ስታሰፋ አሮጌ ቀሚሷን ነበር የምትልከው። ጋሼ ኑሩ አሮጌውን አዲሱ ጨርቅ ላይ ያነጥፉና ዙሪያውን በደረቅ ሳሙና ያሰምራሉ፤ ከዚያ በኋላ የመቀሱ ተራ ነው። «አሮጌ ቀሚስ አይዋሽም» የሚል ተረት ነበራቸው። ተረቱን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው።

አሮጌ ቀሚስ በእርግጥ አይዋሽም፤ የሚያወራው ግን የድሮውን ነው። የተሰፉት ቀሚሶች «ጠበበኝ» እየተባሉ ይመለሱ ጀመር። ከዚያም የባሰው ወሬ መጣ፤ «ሰፊው ከጨርቄ ቀንሶልኝ ነው» ተባለ። ለልብስ ሰፊ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። እኔ ጎሬ አክስቴ ዘንድ በእጅ መኪና ስፌት ተምሬ መመለሴን ጋሼ ኑሩ የሰሙት በዚያ ሰሞን ነው። የተቀጠርኩት በዘምዛሚነት ነበር። ከላዬ ጋሼ ኑሩ ቆራጩና በቀለ የሚባለው ባለመኪና ነበሩ፤ ከታቼ ማንም የለም። ከመጋረጃው ጀርባ ግን አለቃ እኔ ነበርኩ።

የሴት ወገብ መለካት እንደሚመስላችሁ ቀላል አይደለም። ሜትሩ ሲዞርባቸው ሁሉም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ትንፋሽ የያዘችን ሴት ለክታችሁ ከሰፋችሁላት፣ ያንን ቀሚስ መልበስ የምትችለው ትንፋሽ ይዛ ነው። እኔ ዘዴ አበጀሁ፤ ስለ ልጆቻቸው እጠይቃለሁ። ስለ ልጇ ሳትተነፍስ የምታወራ እናት የለችም። እሷ ስትተነፍስ እኔ ሜትሬን እይዛለሁ።

እየቆየሁ ስሄድ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቀሚስ የሚመልሱት ሴቶች እድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ለመዳር የደረሰ፣ የመጨረሻው ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ። ትከሻቸውን ስለካ ከአሮጌው ቀሚስ ትከሻ ጋር ልክ ነው። ወገባቸው ግን ዳሌያቸውን ሊደርስበት ምንም አልቀረውም። አብዛኞቹ ደግሞ ከድሮው የተለየ አልበላሁም ብለው ይምሉልኛል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ተመችቷቸዋል፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺም ይመችሽ።»

ያኔ «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነበር። የቀጨጨች ሴት ናት ባሏን የምታሳማ። ስለዚህ ነገሩን በሽታ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሴቶቹም ቢሆኑ ጨርቁ ታጥቦ ገባ፣ ሰፊው ሰረቀኝ፣ ካውያው አኮማተረው ይላሉ እንጂ ገላዬ ተለወጠ የምትል አንዲት አልሰማሁም። እኔም ወጣት ስለነበርኩ ነገሩን በሳቅ አሳልፈው ነበር፤ እትዬ አስካለ እስኪመጡ ድረስ።

እትዬ አስካለ የማር ነጋዴ ነበሩ። ኖፓ፣ ሁሩሙ፣ በየገበያው በእግራቸው እየዞሩ ማር ይገዛሉ፤ ቅሉን በጀርባቸው አዝለው ጭቃውን እየረገጡ ይመለሳሉ። ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ ሲከራከሩ እንደ ጠበቃ ናቸው፣ በአማርኛ ደግሞ እንደ ዳኛ። ባላቸው ሲሞቱ ከል ለበሱና የባላቸው ሱቅ ውስጥ ተቀመጡ። ማሩን ሌላ ሰው እያመጣላቸው፣ ጎረቤት እዝን እያቀረበላቸው፣ ቀን ከቀን ከባንኮኒው ጀርባ አይነቃነቁም። ከል ሰፊ ልብስ ነው። ከሥሩ ያለውን ሌላ ሰው ቀርቶ የለበሰችውም አታየውም።

በቡና ለቀማ ወራት ከሉን ሊያወልቁ ተነሡ፤ ልጃቸው ዘነበች ጎሬ ለሚኖሩ ሰዎች ልጅ ታጭታ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር። ለሠርግ ልብሳቸው ሞዴል ብለው አሮጌ ቀሚሳቸውን በዘነበች ላኩ። ሐዘንተኛ ናቸውና ሱቅ ለሱቅ እንዲንገላቱ ጋሼ ኑሩ አልፈለጉም፤ «የሳቸውን ልክ አውቀዋለሁ፣ ባላቸው ሳሉም የሰፋሁት እኔ ነኝ» ብለው ቆረጡት። እኔን አልጠየቁኝም።

በሳምንቱ ዘነበች ቀሚሱን እንደታጠፈ ይዛ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እማዬ አልገባትም» አለች።

«የቱ ጋ ነው ያልገባቸው?» አልኳት።

«ከደረት አይወርድም።»

በቀለ ከመኪናው ላይ ቀና ሳይል «እትዬ አስካለ ምን ዋጡ?» ብሎ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም። ግን ቤቱ ውስጥ ጨርቅ ልታስቆርጥ የመጣች ሴት ቆማ ነበር፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። ዕለቱን «የአስካለ ሆድ ገፍቷል» ተባለ። በነጋታው የልብስ አጣቢያቸው «የወር ልማዷም ከቀረ ቆይቷል» አለች ተባለ። በሦስተኛው ቀን ባል የሞተባት ሴት ከከሏ ሥር አርግዛለች የሚለው ወሬ ገበያውን ሞላው። የሚያበሳጨኝን ልናገር፤ ወሬውን ያዛመቱት ወንዶች አይደሉም። እኔ ራሴ የለካኋቸው፣ የራሳቸው ወገብ ከአሮጌ ቀሚሳቸው ያመለጠ ሴቶች ናቸው።

ጎሬ ያኔ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ነበረች፤ መኪና ሲኖር ከመቱ ሩቅ አይደለችም። ወሬው እዚያ ከደረሰ የዘነበች ሠርግ እንደሚፈርስ ሁላችንም አወቅን።

እትዬ አስካለ ራሳቸው የመጡት በማለዳ፣ ገበያው ሳይደምቅ ነው። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው በቀጥታ መጋረጃው ጀርባ ገቡ። ከሉ ገና ላያቸው ላይ ነበር።

መቀነታቸውን ስፈታ የሆነውን አልረሳውም። መቀነቱ ማለቂያ አልነበረውም፤ አንዱ ዙር ባንዱ ላይ፣ ሆዳቸውን እንደ ጭነት ገመድ ጠፍሮት ነበር። የመጨረሻውን ዙር ሳላላው እትዬ አስካለ ግድግዳውን ያዙ፤ ከዚያ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«ምን ሆኑ እትዬ? እህል ቀምሰዋል?»

«ኮሶ ጠጥቼ ነው። ደጋግሜ ጠጣሁ። ሆዴ ቢጎድልልኝ ብዬ።»

ኮሶ ጠንካራም ደካማም የማይለይ መድኃኒት ነው፤ ለትሉ ነው እንጂ ለሆድ መግፋት ማን አዘዘው? ውኃ ሰጠኋቸው። ትንሽ ሲረጋጉ እጄን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሙሉ፣ አንቺ የሴት ገላ ታያለሽ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ወንድ አልቀረበኝም፤ እግዜር ያውቃል። ግን ልማዴ ቀረ፣ ሆዴ ገፋ፣ አንዳንዴ እሳት እንደለቀቁብኝ ሰውነቴ ይነድዳል። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲል... እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ሳላውቀው የሆነብኝ ነገር ይኖር ይሆን?»

ይህን ሲሉ የተሰማኝን ማስረዳት ይቸግረኛል። ስንት ገበያ የዞረች፣ ሚዛን ቢያጭበረብሩባት ገበሬውንም ነጋዴውንም የምታንበረክክ ሴት፣ በራሷ ገላ ላይ የሰውን ወሬ አምና ተቀመጠች። ተናደድኩ። አለቀስኩም።

«እትዬ፣ እኔ እርጉዝ ሴት ለክቼ አውቃለሁ» አልኳቸው። «እርጉዝ የምትገፋው ከፊት ነው። የእርስዎ ዙሪያውን ነው፤ ከጎንም ከጀርባም። ግን እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምለው ላይበቃ ይችላል። ተነሡ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«ጤና ጣቢያማ ሄጄ ነበር። ይነድደኛል ብዬ ስናገር የወባ ኪኒን ሰጡኝ።»

«ስለ ልማድዎ ነግረዋቸው ነበር?»

«ለወንድ ድሬሰር? አብደሻል?»

በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ሲስተር ንግሥት የምትባል ነርስ ተመድባ መጥታ ነበር። ወጣት ናት፣ ፈጠን ፈጠን የምትል። እትዬ አስካለን አስተኝታ ሆዳቸውን በእጇ መረመረች፤ ጠየቀች፤ የልብ ትርታቸውን አዳመጠች። ከዚያ እጇን እየታጠበች ተናገረች።

«እትዬ አስካለ፣ እርግዝና የለም። አርጠዋል፤ ይኸው ነው።»

«አረጥኩ? ገና ልጄን ሳልድር?»

«ማረጥ የሠርግ ጥሪ አይጠብቅም።»

እትዬ አስካለ መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ እንደገና አለቀሱ። ሲስተር ንግሥት ወንበሯን አጠገባቸው ሳበችና እንደ እህት አስረዳቻቸው። ልማድ ሊቆም ሲል ገላ ውስጡ ይለዋወጣል፤ ድሮ ጭንና ዳሌ ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ሆድ ዙሪያ ይሰፍራል። በዕድሜ ላይ ደግሞ ጡንቻ ይቀንሳል፤ ጡንቻ ሲቀንስ ሰውነት የሚያቃጥለው ያንሳል፤ ትናንት የሚበቃ የነበረው ምግብ ዛሬ ይተርፋል። ያ እሳትና ላብ ወባ አይደለም፣ የዚሁ ነው። እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀን ይደክመዋል፣ ይቀመጣል፣ ጣፋጭ ያምረዋል። በዚያ ላይ ሐዘኑ፣ በዚያ ላይ ከባንኮኒ ጀርባ መቀመጡ።

«ቀን ምን ይጠጣሉ?» አለቻቸው።

«ብርዝ።»

«ብዙ?»

«ማር ነጋዴ ነኝ እኮ! ሌላው ውኃ እንደሚጠጣው ነው የምጠጣው። ደግሞ ጾም አላፈርስም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም።»

«መጾሙ መልካም ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የቀኑን ሁሉ ካሣ መቀበል ነው ችግሩ።»

እትዬ አስካለ ወደኔ ዞረው «ይቺ ልጅ ቤቴ ገብታ ታውቃለች?» አሉኝ።

የታዘዘላቸው ነገር መርፌም ኪኒንም አልነበረም። ኮሶውን ለዚህ ጉዳይ ዳግመኛ እንዳይነኩት። መቀነቱን እንዲያላሉት። ብርዙን ትተው ውኃ፣ ማሩን ደግሞ ለገበያ። ሽሮና ባቄላው፣ ጎመኑ፣ በፍስክ አይቡ ይሁን፤ እራት ቀደም ይበል፣ ይነስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ እግራቸው እንዲመለሱ፤ እንዲሄዱ፣ ዳገት እንዲወጡ፣ እንዲሸከሙ። «ቅሉን በሰው አያስመጡ፤ ራስዎ ይሸከሙት። ጡንቻ የሚመለሰው በሥራ ነው» አለች። ልማድ ጨርሶ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ ግን ዕለቱን እንዲመጡ አጥብቃ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ወገቤ ይመለሳል?»

«የልጅነቱ አይመለስም። አልዋሽዎትም። ግን ከዚህ ይቀንሳል፤ እርስዎም ይጠነክራሉ።»

ስንወጣ ሲስተር ንግሥት እርጉዝ አለመሆናቸውን በወረቀት ልጻፍልዎት ብላ ነበር። እትዬ አስካለ እምቢ አሉ። «ገበያ ለገበያ ሆዴን በማኅተም ላስመሰክር? አይደረግም!»

በማግስቱ እስከ ሶር ወንዝ ሄደው ተመለሱ። በመመለሻው ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን ረገምኩት ብለውኛል። እየዋለ እያደረ ሁሩሙ ገበያ ታዩ፤ ከዚያ ኖፓ። መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን፣ በኋላ ቅሉን አዝለው። መንገድ ላይ የሚያገኟቸው የድሮ የማር ደንበኞቻቸው «አካም ጅርቱ፣ እንዴት ነዎት እትዬ አስካለ! ጠፍተው ከረሙ» እያሉ እንደተቀበሏቸው ሲነግሩኝ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆነ። ሐዘኑን ከየትኛውም ኪኒን በላይ ያሻረላቸው ይህ ይመስለኛል።

ወገባቸውን ከገበያ መልስ እየመጡ ያስለኩኝ ነበር። መጀመሪያ ሜትሩ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ተቆጡ።

«ሜትርሽ ተበላሽቷል!»

«ሜትሬ ደህና ነው እትዬ። ለሲስተር ልንገራት?»

«ምን ልትል? ‹ይታገሡ› ልትል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትለኝ ነው። እኔ እንቁላል ነኝ?»

ግን አላቋረጡም። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ሜትሩ ፈቀቅ አለ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ፈቀቅ አለ። ጉልበታቸው ሲነሡ ሲቀመጡ መጮኹን ተወ። እንቅልፍ መጣላቸው። መቀነቱ ላላ ብሎ ታሰረ።

እኔ ደግሞ በዚያ ጊዜ ሙያ ተማርኩ። ለእንዲህ ዓይነት ገላ ቀሚስ ሲቆረጥ ሁሉንም ማስፋት ስሕተት ነው፤ ትከሻው ይወድቅና ሴቲቱ ድንኳን ትመስላለች። ትከሻው በትከሻዋ ልክ ይሁን፤ ከብብት ጀምሮ ግን በግራና በቀኝ ከላይ ሾጠጥ ከታች ሰፋ ያለ ቁራጭ ይገባል። ከስፌቱ ውስጥ ደግሞ ትርፍ ይታጠፋል፣ ገላው ቢጨምርም ቢቀንስም ቀሚሱ እንዲከተለው። ጋሼ ኑሩ ትርፉን አይተው «ይህ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል?» አሉ። «ተመላሽ ቀሚስ ከሚበዛ ይሻላል ጋሼ» አልኳቸው። መቀሱን ሰጡኝ። ዘምዛሚዋ ጨርቅ የቆረጠችው በዚያ ቀን ነው።

ቀሚሱ ተቆርጦ በሻካራ ስፌት ተያይዞ ሳለ የጎሬዋ ሴት መጡ።

ወይዘሮ ደስታ የሙሽራው እናት ናቸው፤ ደልደል ያሉ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ። የሠርግ ልብስ ላሰፋ ነው የመጣሁት ብለው አሮጌ የከፋይ ቀሚሳቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ጎሬ ሰፊ ጠፍቶ መቱ ድረስ እንዳልመጡ ማንም ያውቃል። ጋሼ ኑሩ በዓይናቸው ወደ መጋረጃው ጠቆሙኝ። ገና ሜትሬን ሳነሣ ጀመሩኝ።

«የምትለኪው አንቺ ነሽ አሉ። የልጄን አማት ለክተሻል?»

«ለክቻለሁ።»

«እህሳ?»

«መጋረጃው ውስጥ ያየሁትን ውጭ አላወራም እትዬ።»

«እኛስ አሁን መጋረጃው ውስጥ አይደለንም?»

ብናገር የሙያዬ ነገር አበቃ፤ ሴት ሁሉ ‹ሙሉ ታወራለች› ይላል። ዝም ስል ደግሞ የወይዘሮ ደስታ ፊት እየከበደ መጣ።

«ዝም ማለትሽ መልስ ነው» አሉ። «እኔ ክፉ ሴት አይደለሁም። ግን ልጄን እንዲህ ያለ ቤት አልሰጥም። ሽማግሌዎቹን መልሼ እልካለሁ።»

ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች በዚያች ሰዓት እኔ የቆምኩበት ቢቆሙ እወድ ነበር።

ያን ዕለት የኖፓ ገበያ ነበር። እትዬ አስካለ ከገበያ መልስ ቀሚሳቸውን ሊለኩ ቀጠሮ ነበረን። መቼ እንደገቡ አላየሁም፤ መጋረጃው ተገለጠና እግራቸው እስከ ባታቸው ጭቃ፣ የማር ቅሉ ጀርባቸው ላይ እንዳለ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ወይዘሮ ደስታን ከዚህ በፊት በሽምግልናው ጊዜ አይተዋቸው ያውቃሉ።

ቅሉን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሙሉ ዝም ያለችው ጨዋ ስለሆነች ነው» አሉ። «እኔን ይጠይቁኝ ነበር፤ የሆዱ ባለቤት እኔ ነኝ።» መቀነታቸውን ፈትተው በወንበሩ ላይ ወረወሩት። «ለኪኝ ሙሉ። ጮክ ብለሽ ተናገሪ።»

ለካሁ። ትከሻውን ተናገርኩ፣ ወገቡን ተናገርኩ። ትንፋሽ አልያዙም። ያለ ዘዴ የለካኋት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

«አሁን ደግሞ እሳቸውን ለኪ።»

ወይዘሮ ደስታ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ምን ብለው እምቢ ይበሉ? የመጡት ሊለኩ ነው። ለካኋቸው። ከዚያ የከፋይ ቀሚሳቸውን ዘርግቼ የቀሚሱን ወገብ ለካሁ። ትከሻው ልክ ነው። ወገቡ ግን በእሳቸውና በቀሚሱ መካከል ያለው ርቀት ከእትዬ አስካለም በለጠ።

ወይዘሮ ደስታ ሜትሩን አዩ፣ ቀሚሱን አዩ።

«ይህን ቀሚስ እኮ ለትልቁ ልጄ ሠርግ ነው ያሰፋሁት። ታጥቦ ገባ ብዬ...» አሉና አቆሙ።

«ልማድዎስ አለ?» አሉ እትዬ አስካለ፣ አሁን ድምፃቸው ለስልሷል።

«ከቀረ ቆየ።»

«ሰውነትዎ አይነድድም?»

«ሌሊት ብርድ ልብሱን እወረውረዋለሁ። ባሌ ወባሽ ተነሣ ይለኛል።» ከዚያ ወይዘሮ ደስታ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲያ እኔም አርግዣለሁ በሉኛ!»

ሳቁ ሁለቱንም አንድ ላይ ያዛቸው። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ሳቅሁ። ከወዲያ ጋሼ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ኧረ ሰላም ነው?» ሲሉ ይብሱን ብሶብን ሄደ።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ።

«ሆዱ አንድ ነው ወይዘሮ ደስታ። እርስዎ ባል ስላለዎት ተመችቷት ነው ይባላሉ። እኔ ባሌ ስለሞተ አርግዛ ነው ተባልኩ።»

ወይዘሮ ደስታ ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ላይ መቀነቱን አነሡና በገዛ እጃቸው እትዬ አስካለን አስታጠቋቸው፤ ላላ አድርገው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ለእኔም ከሳቸው ጨርቅ ቁረጪልኝ። ያው ይሁን። ደግሞ ይህ ነገር ምን ያደርጉለታል? እዚህ መቱ መጣች የተባለችው ነርስ የጎሬ ሴት ትቀበላለች?»

«ትቀበላለች» አሉ እትዬ አስካለ። «ብርዝ ይተዉ ትልዎታለች። ይሂዱ፣ ይሸከሙ ትልዎታለች። ጎሬ ዳገት አያጡም።»

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። እትዬ አስካለ የዳሱ በር ላይ ቆመው የጎሬን ሰዎች ተቀበሉ። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ልክ፣ ከጎናቸው ሰፋ ብሎ የሚወርድ፣ ጥለቱ አረንጓዴ። የሙሽራው እናት በአንድ ዓይነት ቀሚስ ከሕዝቡ ፊት አቅፈው ሲስሟቸው ወሬኞቹ አዩ። ከዚያ ወዲያ የአስካለን ሆድ ያነሣ የለም፤ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አግኝተው ነበር። ሁለቱ እናቶች እስክስታ ሲወርዱ የእኔ ዓይን ስፌቱ ላይ ነበር። አልተተረተረም።

ጋሼ ኑሩ ከዚያ በኋላ አሮጌ ቀሚስ ይዛ የመጣችን ሴት «ቀሚሱን ይውሰዱት፣ ራስዎ ከመጋረጃው ጀርባ ይግቡ» ይሉ ጀመር። የወንድ ልብስ ቆራጭነታቸውን ሳይለቁ የሴቱን መቀስ ለኔ ተዉልኝ፤ ከዘምዛሚነት ወደ ቆራጭነት ያደግሁት በዚህ ነው። ተረታቸውን ግን አልተዉም። «አሮጌ ቀሚስ አይዋሽም፤ ግን አርጅቷል» እያሉ አሻሻሉት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የራሴን ቤት ከፍቼ ሳለሁ፣ ከሰል ካውያ ይዤ ስተኩስ ድንገት ነደድኩ። ካውያው ነው ብዬ በር ከፈትኩ። በማግስቱ ያለ ካውያም ነደድኩ። ያኔ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ። ፍርሃቱ አልነበረብኝም፤ መንገዱን ያሳዩኝ ሰዎች ነበሩኝ። ገበያ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፤ ስፌት መኪናው ላይ ተጎልቶ መዋል ትቼ ጨርቅ መቁረጡን ቆሜ ያዝኩ።

ቀሚስም አስፈለገኝ። አብራኝ የምትሠራዋን ቆራጭ ጠርቼ መጋረጃው ጀርባ ገባሁና ለኪኝ አልኳት። ሜትሩ ወገቤ ላይ ሲዞር ትንፋሼን ያዝኩ። እሷ ቀና ብላ «እትዬ ሙሉ፣ ልጆችዎ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

ለሙያው ሰዎች የምለው ይህን ብቻ ነው። ሴት አሮጌ ቀሚስ ይዛ ስትመጣ ቀሚሱን ተቀብላችሁ ወንበር ላይ አኑሩት። እሷን አቁማችሁ ለኩ፣ ስትተነፍስ ለኩ። ጎኑ ላይ ትርፍ ተዉ።